ስለ በጎች ጥበቃና ስለ ቀይ ቀበሮ

በባሌ ደጋ፣ ከሮቤና ከጎባ ጀምሮ እስከ ዲንሾ ድረስ ያለው ገበሬ ዋነኛ ሀብቱ ገብሱና በጎቹ ናቸው። በበረቱ ጥቂት በጎች ብቻ ላሉት ሰው የአንዲት ግልገል መጥፋት ቀላል ጉዳት አይደለም፤ ለግብር፣ ለልብስና ለልጅ ትምህርት ያሰበው ገንዘብ አብሮ ይጠፋልና። ስለዚህ ገበሬው ቀበሮ በጎቼን ፈጀብኝ ብሎ ሲጮህ ሊሰማ ይገባዋል። ነገር ግን ዳኛ የከሳሽን ቃል ሰምቶ ምስክር ሳይጠይቅ እንደማይፈርድ ሁሉ፣ በዚህም ነገር ጥፋተኛው ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ መመርመር ያስፈልጋል።

በባሌ ደጋ ቀበሮ በሚል አንድ ስም የሚጠሩት አውሬዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው በብዙ አገር የሚገኘው ተራው ቀበሮ ነው፤ ይኸውም መልኩ ወደ ግራጫና ወደ ቡላ የሚያደላ፣ ሲመሽና ሌሊት ወደ መንደር የሚጠጋ ነው። ሁለተኛው ቀይ ቀበሮ ነው፤ ጠጕሩ ቀይ፣ ጕሮሮውና ሆዱ ነጭ፣ እግሩ ረዥም፣ የጅራቱም ጫፍ ጥቁር ሲሆን፣ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝም። ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 እንደማይበልጡ ይገመታል፤ ከእነዚህም ከግማሽ የሚበልጡት በባሌ ተራሮች የሚኖሩ ናቸው።

ሊቃውንት በሳነቴና በዌብ ሸለቆ የዚህን አውሬ አመጋገብ መርምረው፣ ከሚበላው ሁሉ ከመቶው ከ90 እጅ በላይ አይጥና ፍልፈል መሆኑን አረጋግጠዋል። የሚያድነውም በቀን ነው። አንዳንድ ጊዜ ፍልፈሉ እንዳያየው በከብት መንጋ መካከል ተሸሽጎ ይሄዳል፤ እረኛውም ይህን አይቶ በጎቹን ሊነጥቅ የመጣ ይመስለዋል። የአገሩ ሰው በኦሮምኛ ጀዴላ ፈርዳ፣ የፈረስ ቀበሮ ማለት ነው፣ ብሎ የሚጠራው የምትወልደውን ባዝራ እየተከተለ የእንግዴ ልጁን ስለሚበላ ነው። አልፎ አልፎ ግልገል መውሰዱ አይካድም፤ ሆኖም ሌሊት ከበረት የሚጠፋውን በግ ሁሉ በቀይ ቀበሮ ማሳበብ፣ ጅቡንና ተራውን ቀበሮ ነጻ መልቀቅ ነው።

በቍጣ ተነሥቶ መርዝ መበተንም መድኃኒት አይሆንም። መርዝ በዳዩንና ንጹሑን አይለይም፤ የቤቱን ውሻና ጥንብ አንሣውን ጭምር ይገድላል። ቀይ ቀበሮውም በሕግ የተጠበቀ ስለ ሆነ፣ የገደለ ሰው ከበጉ ኪሣራ በላይ ቅጣት ያገኘዋል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው የውሻ ነገር ነው። በ1984 ዓ.ም. በባሌ ተራሮች፣ ዳግመኛም በ1996 ዓ.ም. መጀመሪያ በዌብ ሸለቆ የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን ፈጀ፤ በሁለተኛው ጊዜ በሸለቆው ከነበሩት ከአራት እጅ ሦስቱ ያህል አለቁ። በሽታው የሚመጣው ካልተከተቡ የመንደር ውሾች ነው። በ2010 ዓ.ም. ክትባቱን በሥጋ ውስጥ ሸሽጎ ለቀበሮዎቹ ማብላት ተጀምሯል፤ ነገር ግን የበሽታው ምንጭ በመንደር ሳለ በተራራ ላይ ብቻ መድከም አይበቃም። የእብድ ውሻ በሽታ ላሙን፣ ፈረሱንና የገበሬውን ልጅ የሚገድል ስለ ሆነ፣ ውሻን ማስከተብ ለአውሬ ብቻ ታስቦ የሚደረግ አይደለም።

ስለዚህ ገበሬው ሊያደርገው የሚገባው ይህ ነው። በረቱን በድንጋይ ወይም በእሾህ አጥር ከፍ አድርጎ ማጠር፤ መዝጊያውን ሳይመሽ መዝጋት፤ የወለዱትን በጎች ከነግልገሎቻቸው ከቤት አጠገብ ማቆየት፤ መንጋውን ለሕፃን ልጅ ብቻ አለመተው፤ የሞተውን ከብት በሜዳ ሳይጥል መቅበር፤ ውሻውን በየዓመቱ ማስከተብ። ከብቱን ወደ ደጋው ግጦሽ በሚያወጣበት ጊዜም ያልተከተበ ውሻ ይዞ መሄድ አይገባውም።

ሹማምንቱም ገበሬው አቤቱታ ሲያቀርብ ባለሙያ ልከው ዱካውን፣ የንክሻውን ዐይነትና ጥፋቱ የደረሰበትን ሰዓት ያስመርምሩ፤ የውሻው ክትባትም ጊዜው ሳያልፍ ወደ ገጠሩ እንዲደርስ ይትጉ። በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መመዝገቡ ክብር ነው፤ ነገር ግን በዙሪያው የሚኖረው ሰው ካልታሰበለት ክብሩ በወረቀት ብቻ ይቀራል። ካህናትና ሼኮችም ሕዝቡ በሚሰበሰብበት ጊዜ ውሾቹን እንዲያስከትብ፣ መርዝም ከመበተን እንዲከለከል ቢመክሩ፣ ቃላቸው ከብዙ ማስታወቂያ ይልቅ ይሰማል።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚለው ተረት የሚነገረው አስቀድሞ መጠንቀቅን ትቶ በኋላ ለሚቆጣ ሰው ነው። በረቱ ሲጠነክርና ውሻው ሲከተብ ገበሬው በጎቹን፣ አገርም ሌላ ሥፍራ የማይገኘውን አውሬዋን ይዘው ይኖራሉ።