አሰልጣኙ ሲባረር ከኋላው ማን ይቀራል?



ማንችስተር ዩናይትድ ኤሪክ ቴን ሃግን ያሰናበተው ሰኞ ኦክቶበር 28 ቀን 2024 ነበር (የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የዚያን ዕለት ማታ ከዒሻ ሰላት ወጥተን ወደ ዶርም ስንመለስ የመንገዱ ወሬ ሁሉ እሱ ነበር። የዩናይትድ ደጋፊዎች የሆንነው «መባረሩስ ዘገየ» አልን። የአርሰናልና የሊቨርፑል ደጋፊዎች የሆንነው ደግሞ ሳቅን። ቀጥሎ ማን ይመጣል የሚለው ክርክር ዶርም ገብተን መብራት እስኪጠፋ ድረስ አላለቀም። አንድ ጥያቄ ግን ከመካከላችን ማንም አላነሳም። ከእሱ ጋር ሲሠሩ የነበሩት ምክትሎች፣ የግብ ጠባቂዎች አሰልጣኞችና ሌሎች ባለሙያዎች ምን ይሆናሉ? የሚያውቁትን ነገርስ ለማን አስረክበው ይሄዳሉ?

አቋማችንን ከወዲሁ እንናገር። አሰልጣኝ መቀየር በራሱ ጥፋት አይደለም። ሥራውን ያልቻለ ሰው ቦታውን ይለቃል፤ የደከመውም ያርፋል። ክለብን የሚያደኸየው፣ ዋናው ሰው በተቀየረ ቁጥር ከሥሩ ያሉትን ሁሉ አብሮ ጠርጎ ማስወጣት ነው። እኛ ተመልካቾች ግን ዓይናችን አንዱ ሰውዬ ላይ ብቻ ስለሆነ ይህን አናየውም።

ወደ 2013 እንመለስ። ሰር አሌክስ ፈርጉሰን ከኖቬምበር 1986 ጀምሮ የመሩትን ክለብ ሊጉን በ11 ነጥብ ልዩነት አሸንፈው ተሰናበቱ። በምትካቸው ዴቪድ ሞይስ ከኤቨርተን የ6 ዓመት ውል ተሰጥቶት መጣ። ሞይስ ሲገባ ምክትሉ ማይክ ፌላን፣ የዋናው ቡድን አሰልጣኝ ሬኔ ሙለንስቲንና የግብ ጠባቂዎች አሰልጣኙ ኤሪክ ስቲል ክለቡን ለቀቁ። በቦታቸው ከኤቨርተን አብረውት ሲሠሩ የቆዩት ስቲቭ ራውንድ፣ ጂሚ ላምስደንና ክሪስ ዉድስ ገቡ። በዚያው ክረምት የክለቡ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ዴቪድ ጊልም ሄደ።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ በአንድ ምሳሌ እንየው። ዳቪድ ዴ ሂያ በ2011 ከስፔን ሲመጣ ገና የ20 ዓመት ልጅ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ወራት ከብደውት ብዙ ተተቸ። በዚያ ጊዜ በየዕለቱ ልምምድ ሜዳ ላይ ከጎኑ የነበረው ስቲል ነው። ልጁ የትኛውን ኳስ እንደሚፈራ፣ ሲሳሳት እንዴት ሊነግሩት እንደሚገባ የሚያውቀው እሱ ነበር። እንዲህ ያለው እውቀት በውል ላይ አይጻፍም፤ ሰውዬው ሲወጣ አብሮት ይወጣል።

ለሞይስ ፍትሐዊ እንሁን። ቡድኑ ያረጀ ነበር፤ ፖል ስኮልስ ጫማ ሰቅሏል፣ ራያን ጊግስ 40 ሊሞላው ነው፣ ተከላካዮቹም ዕድሜያቸው ገፍቷል። ስለዚህ የሆነው ሁሉ የሆነው ምክትሎቹ ስለተቀየሩ ነው አንልም። ነገር ግን ቻምፒዮን የሆነን ቡድን የሚያውቁትን ሰዎች አሰናብቶ ቤቱን ከማያውቁ ሰዎች ጋር መጀመር፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ሞይስ ኤፕሪል 22 ቀን 2014 ተሰናበተ፤ 6 ዓመት የተባለው ውል 10 ወር እንኳ አልሞላም። ዩናይትድም ያንን ዓመት በ7ኛ ደረጃ ጨረሰ።

«ፈርጉሰን እኮ ራሳቸውም ምክትሎቻቸውን ይቀያይሩ ነበር» የሚል ወንድም አይጠፋም። እውነት ነው። አርቺ ኖክስ በ1991 ሄደ፤ ብራያን ኪድ ተተካ። ኪድ በ1998 መጨረሻ ሄደ፤ በ1999 መጀመሪያ ስቲቭ ማክላረን መጣ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ክለቡ በአንድ ዓመት ሦስት ታላላቅ ዋንጫዎችን አነሳ። ከዚያም ካርሎስ ኬሮዝ መጣ፣ ሄደ፣ ተመልሶ መጣ፤ በመጨረሻም ፌላን ቦታውን ያዘ። አዲስ ሰው አዲስ ሐሳብ ይዞ ይገባ ነበር። ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው፤ ሰዎቹ የተቀየሩት አንድ በአንድ ነው። አንዱ ሲወጣ የቀሩት ለገባው ቤቱን ያሳዩታል። በ2013 ግን ቤቱን የሚያሳይ ሰው አብሮ ወጣ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም በዲኤስቲቪ ቤት ተጋፍተን አይተነዋል። እስከ 2024 መጨረሻ ድረስ ዩናይትድ ስድስት ቋሚ አሰልጣኞችን ቀጠረ፤ ሞይስ፣ ቫን ሃል፣ ሞሪንሆ፣ ሶልሻየር፣ ቴን ሃግና አሞሪም። በመሃል የገቡት ጊዜያዊዎች እዚህ ቁጥር ውስጥ የሉም። ቫን ሃል የኤፍኤ ካፕን ባነሳ በሁለተኛው ቀን ተሰናበተ። ጊግስ በልጅነቱ ከገባበት ክለብ ከ29 ዓመት በኋላ በ2016 ወጣ። ሩድ ቫን ኒስትሮይ ቴን ሃግ ሲባረር በጊዜያዊነት አራት ጨዋታ መርቶ አንዱንም አልተሸነፈም፤ አሞሪም የራሱን ሰዎች ይዞ ሲመጣ ግን እሱም ሄደ። ያ የውድድር ዓመት በ15ኛ ደረጃ ተጠናቀቀ። የሚገርመው ደግሞ በ2013 የወጣው ፌላን በዲሴምበር 2018 ከሶልሻየር ጋር፣ በ2001 የወጣው ማክላረንም በ2022 ከቴን ሃግ ጋር ተመልሰው ተጠሩ። ክለቡ የጣለውን እውቀት ከዓመታት በኋላ እየፈለገ ነበር ማለት ነው።

ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? ማርከስ ራሽፎርድን ተመልከቱ። በዚያው ክለብ ያደገ ልጅ ነው። በ18 ዓመቱ፣ በፌብሩዋሪ 2016 በቫን ሃል ሥር ለዋናው ቡድን ተሰለፈ። በ2025 መጀመሪያ በውሰት ወደ አስቶን ቪላ እስኪሄድ ድረስ ጊዜያዊዎቹን ሳንቆጥር በአምስት አሰልጣኞች ሥር ተጫውቷል። አንዱ ክንፍ ላይ ቁም ይለዋል፣ ሌላው ፊት ላይ ያሰልፈዋል፤ አንዱ ይንከባከበዋል፣ ሌላው ከቡድኑ ያስወጣዋል። የልጁ የራሱ ጥፋት የለም አንልም። ግን በየሁለት ዓመቱ አስተማሪው ከነረዳቶቹ የሚቀየርበት ተማሪ ምን ያህል እንደሚቸገር ከእኛ ከተማሪዎች በላይ የሚያውቅ የለም።

አሁን ደግሞ ተቃራኒውን እንይ። ቢል ሻንክሊ በዲሴምበር 1959 ሊቨርፑል ሲደርስ ክለቡ በሁለተኛው ዲቪዚዮን ነበር። ቤቱ ውስጥ ያገኛቸውን ቦብ ፔዝሊን፣ ጆ ፋጋንንና ሩበን ቤኔትን አላባረራቸውም፤ በሥራችሁ ቀጥሉ አላቸው። እነዚህ ሰዎች አንፊልድ ውስጥ የተጫዋቾች ጫማ በሚቀመጥባት ጠባብ ክፍል፣ «ቡት ሩም» በምትባለው፣ ሻይ ይዘው እየተሰበሰቡ ስለ ቡድኑ ይመካከሩ ነበር። የየዕለቱን ልምምድም በደብተር ይመዘግቡ ነበር። በ1974 ሻንክሊ ማንም ሳይጠብቅ በቃኝ ብሎ ወጣ። ክለቡ ግን አልፈረሰም፤ ፔዝሊ ከዚያችው ክፍል ተነስቶ ስድስት ጊዜ ሊጉን፣ ሦስት ጊዜ የአውሮፓን ዋንጫ አነሳ። እሱ በ1983 ሲወጣ ፋጋን ተተካ፤ በመጀመሪያ ዓመቱ ሊጉንም የአውሮፓን ዋንጫም ወሰደ። መሪው ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፤ ክፍሏና ደብተሩ ግን በቦታቸው ነበሩ።

በእርግጥ አዲስ አሰልጣኝ የሚያምናቸውን ሰዎች ይዞ የመምጣት መብት አለው። የማያውቃቸው ሰዎች መሃል ብቻውን ተቀምጦ ውጤት አምጣ ማለት ግፍ ነው። ይህን የሚያስታርቅ ቅርብ ምሳሌ ደግሞ አለን። ዩርገን ክሎፕ ከሊቨርፑል ሲሄድ እነ ፔፕ ላይንደርስና ፒተር ክራቪትስ አብረውት ሄዱ፤ አርነ ስሎትም የራሱን ምክትል ይዞ መጣ። ቢሆንም በመጀመሪያው ዓመት፣ በኤፕሪል 2025 ሊጉን አሸነፈ። እንዴት ሆነ? ክሎፕ መሄዱን በጃንዋሪ 2024 ስለተናገረ ክለቡ ለመዘጋጀት ወራት አገኘ። ስሎት ከክሎፕ የተረከበውን ቡድን አላፈረሰም፤ በዚያ ክረምት ለዋናው ቡድን የተጨመረው አዲስ ተጫዋች ፌዴሪኮ ኪዬዛ ብቻ ነበር። ክሎፕ በስንብቱ ዕለት የተተኪውን ስም ለደጋፊው ዘመረ፤ ስሎትም ዋንጫው በተረጋገጠ ዕለት የክሎፕን ስም ዘመረ። ሰውም ቢቀየር እንኳ ርክክቡ ካማረ ቤቱ ይቆማል ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንምጣ። ሁለት ጨዋታ በተሸነፉ ቁጥር «ይባረር!» የምንለው እኛው ነን። ጩኸታችን ለንደንም ማንችስተርም ባይሰማ፣ የእኛኑ አስተሳሰብ ይቀርጻል። ችግር ሁሉ የአንድ ሰው ነው፣ መፍትሔውም እሱን ማውረድ ነው ብለን እንለምዳለን። ፈርጉሰን በ1986 ገብተው የመጀመሪያ ዋንጫቸውን ያነሱት በ1990 መሆኑን ማስታወስ ይበጀናል። የዛሬ ደጋፊ ቢሆን ኖሮ 1988ን ያልፉ ነበር?

ይህ ልማድ ከኳስ ሜዳ ወጥቶ ጀመዓችን ውስጥም ይገባል። እኛ ጋ ማንም አይባረርም፤ ምርቃት በየዓመቱ ያሰናብተናል። አንድ ዓመት የኮሚቴው አባላት በሙሉ በአንድ ጊዜ ተቀየሩ። ረመዳን ሲደርስ ለኢፍጣር ትልልቆቹን ድስቶች ከማን እንደምንዋስ የሚያውቀው ወንድም ተመርቆ ሄዷል፤ ስልክ ቁጥሩ የተጻፈበት ወረቀትም አልተገኘም። የመጀመሪያዎቹን ቀናት በትንንሽ ድስት እየቀቀልን ስንት ወንድሞችና እህቶች ቆመው እንደጠበቁ የምናስታውስ እናስታውሳለን። አዲሱ ኮሚቴ ሰነፍ አልነበረም። ያስረከበው ሰው አልነበረም እንጂ።

ስለዚህ የምንለው ቀላል ነው። ተመራቂዎች ከመውጣታችሁ በፊት የምታውቁትን በደብተር ጻፉ፤ ኃላፊነት አማና እንደሆነ ሁሉ ርክክቡም አማና ነው። አዲስ የምትመረጡት ደግሞ ከቀድሞዎቹ ቢያንስ ሁለቱን ለአንድ መንፈቅ አቆዩ፤ ስማቸው ከፊት ባይጠራም ምክራቸውን ጠይቁ። በሚቀጥለው ጊዜ ዲኤስቲቪ ቤት ተቀምጠን «ይባረር!» ማለት ሲያምረን ደግሞ ካሜራው የማያሳያቸውን፣ ወንበሩ ላይ ከአሰልጣኙ ጎን የተቀመጡትን ሰዎች አንድ ጊዜ እንያቸው።

የዘንድሮው ርክክብ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ደብተሩን ከአሁኑ እንጀምረው፤ ኢንሻአላህ።