ከእንጦጦ ግርጌ ያለው የመንገድ ዳር ገበታ

አንድን ከተማ ለማወቅ የሚሻ ሰው ሐውልቱንና ቤተ መንግሥቱን ብቻ አይቶ ቢመለስ ግማሹን እንኳ አላየም፤ ሕዝቡ በመንገድ ዳር የሚበላውንና አብሮ የሚቀመጥበትን ወግ ማየት ይገባዋል። ታይፔን የጎበኘ ሰው ሲመለስ ስለ ሌሊት ገበያዎቿ ሳያወራ አይቀርም። እኛም ከእንጦጦ ግርጌ የራሳችን ገበታ አለን፤ ዳሩ ግን ስለ እርሱ በቁም ነገር ስንወያይ አይታይም።

ከሽሮ ሜዳ አንሥቶ እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ባሉት ሰፈሮች ጧት ማልዶ የሚያልፍ ሰው አስቀድሞ የሚያገኘው ብርዱን ነው፤ ቀጥሎም ከጋራው ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው፣ ወገባቸው ጎብጦ የሚወርዱትን ሴቶች ያያል። ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ወዲህ ጋራውን የሸፈነው ባሕር ዛፍ የብዙ ቤት እንጀራ ጋግሯል። ከመንገዱ ዳር ደግሞ የድንች ቅቅል በሚጥሚጣ፣ ትኩስ ንፍሮ፣ በስኒ የሚሰፈር የገብስና የሽምብራ ቆሎ፣ የምስር ሳምቡሳ አለ፤ ፓስቲና ቦምቦሊኖም ከነስማቸው ከጣሊያን መጥተው የእኛው ሆነዋል። በክረምት የበቆሎ ጥብስ ይመጣል፤ በለሱንም ልጁ እሾኹን ገፎ ያጎርስሃል።

በመንገድ እየሄዱ መብላት በአያቶቻችን ዘንድ ነውር ነበር። ዛሬም ቆሎውን ከኪሱ ከቶ እስከ ቤቱ የሚታገሥ ሽማግሌ አይጠፋም። ይህን ነውር ያቀለለችው፣ በእኔ አስተያየት፣ የቡና ሻጯ በርጩማ ናት። ቁጭ ያለ ሰው በመንገድ በላ አይባልም፤ እንግዳ ሆነ ማለት ነው። ቄጠማው ይጎዘጎዛል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፤ ነገር ግን በቤት ወግ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ሦስት ጊዜ የሚዞረው ቡና በዚህ አንድ ስኒ ሆኖ ይሸጣል። በረካው ለነገ ይቆያል እንደ ማለት ነው። በአንዲት ረከቦት ዙሪያ የቀን ሠራተኛው፣ ተማሪውና ከረባት ያሰረው ጸሐፊ ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመው ይቀመጣሉ፤ ሳምቡሳ የያዘውም «እንብላ» ሳይል አይጎርስም።

የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ተከፈተ፤ የኮሪደር ልማትም በ2016 ዓ.ም. ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ ብዙ የአዲስ አበባ መንገዶች ሰፍተዋል፣ ለእግረኛም ተመችተዋል፤ ይህን የማያመሰግን ቢኖር በጭቃ ሄዶ የማያውቅ ሰው ነው። ዳሩ ግን የመንገዱ ስፋት ሲለካ የረከቦቷ ስፍራ አብሮ አልተለካም። ሻጯ ደንብ አስከባሪ መጣ በተባለ ቁጥር የፈላ ጀበናዋን ይዛ ትሮጣለች፤ ከሰሉ ይደፋል፣ ድንቹ ይበተናል። ልጅ ያዘለችም አለች። ከሁሉ የሚያሳዝነው ጧት ከእርሷ ዘንድ ቡናውን ጠጥቶ ቢሮ የገባው ወጣት፣ ከቀትር በኋላ «ሕገ ወጥ ንግድ» በሚል ርእስ ደብዳቤ የሚያረቅቅ መሆኑ ነው። ደብዳቤውን አይጻፍ አልልም፤ የምትቀመጥበትን ስፍራ ግን አብሮ ይጻፍ።

የጤናው ጉዳይ እውነት ነው። አንድ ሳፋ ውሃ የብዙ ሰው ስኒ ሲታጠብበት ማየት ደስ አያሰኝም፤ አቧራውም አለ። ይህ ግን የውሃ እጦት እንጂ የሻጯ ጠባይ አይደለም። ሲንጋፖርም በመንገድ ምግብ ሻጮች ተጨንቃ ነበር፤ ሻጮቿን መዝግባ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1970ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ የቧንቧ ውሃና የፍሳሽ ማስወገጃ ወዳላቸው የምግብ ገበያዎች አዛወረቻቸው። በ2020 ይኸው የመብል ባህሏ በዩኔስኮ መዝገብ ገባ።

ለእንጦጦ ግርጌ እንዲህ ያለ ሕንፃ እስኪሠራ መጠበቅ አያሻም። በታክሲ መቆሚያዎቹ አጠገብ አንድ ቧንቧ፣ አንድ የቆሻሻ በርሜል፣ በቀለም የተሠመረና ቁጥር ያለው መቀመጫ ይበቃል፤ ሰዓቱም ጧት እስከ 3፣ ማታም ከ11 ወዲያ ቢፈቀድ፣ የቀኑ ክፍያ ከሁለት ስኒ ቡና ዋጋ ባይበልጥ ማንንም አያውክም። ለምዝገባውም ቅጠል ከሚሸከሙት ሴቶች መካከል ሸክሙን ትተው በቆሎ ለመጥበስ የሚሹት ቢቀድሙ መልካም ነው፤ ይህም እሸቱ ሳይደርስ ቢሆን።