ማርያም ግንብ

ከጎንደር በመተማና በገላባት አድርጎ ወደ ገዳሪፍ የሚወስደው መንገድ አዘዞ ላይ ወደ ምዕራብ ይታጠፋል። መንገደኛው በዚያ ፈንታ ወደ ደቡብ ቢያመራ ጣና ዳር፣ አሮጌው ጎርጎራ ላይ፣ የፈረሰ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ያገኛል፤ ስሙም ማርያም ግንብ ይባላል።

ብዙዎች ያሠሩት ስፔናዊው የኢየሱሳውያን ካህን አባ ፔድሮ ፓኤዝ ናቸው ይላሉ። እኚህ ሰው ወደ አገራችን ሲመጡ ተማርከው በየመን ሰባት ዓመት ያህል ማቀቁ፤ ሳይታክቱም በ1603 እ.ኤ.አ. ትግራይ ውስጥ ፍሬሞና ደረሱ። የዐፄ ሱስንዮስ ወዳጅ ሆነው በ1618 የግሼ ዓባይን ምንጭ አዩ። ሆኖም ፓኤዝ በ1622 ሲሞቱ ሚሲዮኑ ወደዚህ ስፍራ የተዛወረው በ1626 ነውና፣ ዛሬ የቆመው ፍርስራሽ የተከታዮቻቸው ሥራ ነው ማለቱን እንመርጣለን። ድንጋዩ የተጠረበ፣ ማያያዣው ኖራ፣ የመቅደሱም ግድግዳ በአበባ ቅርጽ ያጌጠ ነው።

ውበቱ ግን ብዙ ደም ከፈሰሰበት ዘመን የተረፈ ነው። ሱስንዮስ የሮማን ሃይማኖት ተቀበሉ፤ በ1625 የመጡት ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝም ሕዝቡ ዳግመኛ እንዲጠመቅ አዘዙ። አገር ታወከ። በ1632 የንጉሡ ጦር የላስታን ዐመፀኞች ድል ቢመታም፣ ሚሲዮናውያኑ ራሳቸው እንደ ጻፉት ሜዳው ላይ የወደቀው ስምንት ሺህ ያህል ነበረ። ገዳይም ሟችም ያንድ አገር ልጅ በሆነበት በዚያ ሜዳ ድል አድራጊው ወታደር ምን ተሰምቶት ይሆን? ሱስንዮስ በዚያው ዓመት የአባቶቻቸውን ሃይማኖት መልሰው ሥልጣኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ።

ፋሲለደስ ካህናቱን አባረሩ፤ ኖራውን ግን አላባረሩም። የጎንደርን ግንብ ያየ ይህን ያውቃል።

የምጽዋ በር ስለ ተዘጋባቸው ሚሲዮናውያን ኋላ የእኛኑ የምዕራብ ቆላ ሞከሩ። በ1699 ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ፖንሴ ከሴናር ወደ ጎንደር ሲወጣ፣ አገልጋይ መስለው አብረውት የተጓዙት ኢየሱሳዊው ብሬቭዳን ከተማይቱን ሳያዩ መንገድ ላይ ሞቱ።

ከ2006 ወዲህ ከማድሪድ የመጡ የአርኪዎሎጂ ሊቃውንት ፍርስራሹን ቆፍረው አጥንተዋል። ፈቃድ ወጥቶ ቤተሰቡን ይዞ ጎርጎራ የሚወርድ ቢኖር አበባዎቹን ለልጆቹ ያሳያቸው፤ ግድግዳው የተሰነጠቀ ነውና ግን እንዲወጡበት አይፍቀድላቸው።