«ዴስፔራዶ» ትዝታ አይደለም

ካንትሪ ሙዚቃ ከሚወዱ ወዳጆቼ ጋር በተቀመጥን ቁጥር የማትቀር አንዲት አባባል አለች፤ «የኢግልሶች ዴስፔራዶ እኮ የፈረንጅ ትዝታ ነው» ትባላለች። ባለፈው ሰሞንም ተደገመች። ቡናዬ እስኪቀዘቅዝ ተሟገትኩ፣ ሰሚ ግን አላገኘሁም። እንግዲህ ሙግቴን ወደ ወረቀት ላዙረው።

ለመሆኑ ትዝታ የሚዘፈነው መቼ ነው? ነገሩ ካለቀ በኋላ አይደለም እንዴ? የሄደችው ሄዳ፣ የቀረው ቀርቶ፣ አንጎራጓሪው ብቻውን ሲቀመጥ። በ«ዴስፔራዶ» ግን ገና ያለቀ ነገር የለም። ዘፋኙ ስለ ራሱ ኑሮ ምንም አይነግረንም፤ የሚያናግረው ፊት ለፊቱ ያለውን ወዳጁን ነው። ወዳጁ ልቡን የዘጋ፣ ብቸኝነቱን ነፃነት ብሎ የሰየመ ሽፍታ ነው። አንዴ ይቆጣዋል፣ አንዴ ያባብለዋል፣ ጊዜው ሳያልፍ እንዲመለስ ይለምነዋል። ይህ እኛ ዘንድ ስም አለው፤ ምክር ይባላል። ትዝታ ያጽናናል፣ ምክር ግን ያሳፍራል። ዘፈኑን «ትዝታ» ማለት ከዚህች እፍረት መሸሻ ትመስለኛለች።

ይህን የምለው ከሸሺዎቹ አንዱ ስለነበርኩ ነው። በሃያዎቹ ዕድሜዬ ለራሴ እያዘንኩ ሰማሁት። ያኔ ከዘመድ አዝማድ ተኳርፎ በሩን የዘጋ ጓደኛ ነበረኝ። ካሴቱን አብረን አዳመጥን፣ አብረን ተከዝን፤ ማለት የሚገባኝን ግን አንድ ቀን አላልኩትም። ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም።

ሌሎች ደግሞ «ስኳር የበዛበት የውሸት ካውቦይ ነው» ይላሉ። እርግጥ ነው፣ ቫዮሊኖቹ ለእኔም ጆሮ ይበዛሉ። ደራሲዎቹ ዶን ሄንሊና ግሌን ፍሬይም ሽፍቶች አልነበሩም፤ አንዱ የቴክሳስ፣ ሌላው የዲትሮይት ልጅ ነው። የቡድኑ ሁለተኛ አልበም በ1973 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ሄንሊ 25፣ ፍሬይ 24 ዓመቱ ነበር። ስለ አሜሪካ ምዕራብ ሽፍቶች የሚተርከውን ያን አልበም የቀዱት ደግሞ ለንደን ነው! ቢሆንም የካውቦይ ባርኔጣው ልብስ ብቻ ነው። ከሥሩ ያለውን ሰው እያንዳንዳችን በየሰፈራችን እናውቀዋለን።

«ነጋዴ የገፋው ዘፈን» የሚለው ክስ ግን ጨርሶ አይዋጥልኝም። «ዴስፔራዶ» በነጠላ ሸክላ ወጥቶ አያውቅም። አልበሙም በአሜሪካ ሰንጠረዥ ከመጀመሪያዎቹ 40 ውስጥ አልገባም። ሁለቱ ሰዎች በ1971 ያጀቧት ሊንዳ ሮንስታት በዚያው በ1973 ደግማ ዘፈነችው፤ ከዚያ ወዲህ የዘፈኑት ብዙ ናቸው። በ1976 የወጣው የኢግልሶች ምርጥ ዘፈኖች ስብስብም ይህን በነጠላ ያልወጣ ዘፈን ከታወቁት ጎን አስቀመጠው። እስቲ ይህን ማን ገፋው ይባላል?

ወዳጆቼ እንደገና ያድምጡት፣ በተለይ መጨረሻውን። መካሪው ለምኖ ሲያበቃ ሽፍታው አንዲት ቃል አይመልስም።