ኮምፒውተር እስኪመጣ ለምን እንጠብቃለን?

ዛሬ ስለ ኮዲንግ ያለኝን አስተያየት ላካፍላችሁ።

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ «5 ሚሊዮን ኮደሮች» የሚባል ስልጠና በአገራችን ተጀምሯል። ስልጠናው ጥሩ ነው፤ ግን የሚሰጠው በኢንተርኔት ነው። ታዲያ ኮምፒውተር የሌለን፣ መብራትም የሚጠፋብን ተማሪዎች ምን እናድርግ? ብዙዎቻችን «ኮምፒውተር ሲመጣ እንማራለን» እንላለን። እኔ በዚህ አልስማማም። እስኪመጣ ድረስ 8ኛ ክፍልን ጨርሰን እንሄዳለን እኮ!

ፕሮግራም ማለት አንድን ሥራ በቅደም ተከተል፣ ምንም ሳይዘሉ ማዘዝ ነው። ኮምፒውተር የታዘዘውን ብቻ ነው የሚያደርገው። ይህን ለመማር ጠመኔና ወረቀት ይበቃል። በኒውዚላንድ የካንተርበሪ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ያለ ኮምፒውተር የሚሠሩ እንዲህ ዓይነት ጨዋታዎችን ለልጆች አዘጋጅተዋል። እኛም ክፍል ውስጥ መሞከር እንችላለን።

አንደኛው የሮቦት ጨዋታ ነው። አንድ ተማሪ ዓይኑ ታስሮ በር ላይ ይቆማል። ሌሎቻችን ጥቁር ሰሌዳው ጋ የሚያደርሰውን ትእዛዝ እንጽፋለን፦ «3 እርምጃ ወደፊት፣ ወደ ቀኝ ዙር፣ ዴስክ ከነካህ ቁም።» ከተጋጨ በልጁ አንስቅም፤ ወረቀቱን አይተን የተሳሳተውን መስመር እናርማለን። ፕሮግራመሮችም የሚሠሩት ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው የቁጥር ጨዋታ ነው። 5 ተማሪዎች 16፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1 የተጻፈባቸውን ወረቀቶች ይዘው በተርታ ይቀመጣሉ። 13 ሲባል 8፣ 4 እና 1 ይቆማሉ። የቆመው 1፣ የተቀመጠው 0 ነው፤ ስለዚህ 01101 ይሆናል። በ5 ልጆች ብቻ ከ0 እስከ 31 መቁጠር ይቻላል። ኮምፒውተር ቁጥር የሚይዘው በዚህ መንገድ ነው።

ሦስተኛው እዚሁ ጨንቻ፣ ዶርዜ ሰፈር አለ። ሸማኔ ጥለት ሲሠራ የትኛው ክር ተነስቶ የትኛው እንደሚቀር ቆጥሮ ያውቃል፤ ያንኑ ይደጋግማል። ክሩ ወይ ይነሳል ወይ ይቀራል፤ ልክ እንደ 1 እና 0! እ.ኤ.አ. በ1804 ዣካርድ የተባለ ፈረንሳዊ ጥለቱን በተበሳ ካርድ የሚያዝ የሽመና መሣሪያ ሠራ። ከብዙ ዓመት በኋላ ኮምፒውተሮችም ትእዛዝ በተበሳ ካርድ ይቀበሉ ነበር። ስለዚህ የሸማኔ ልጆች፣ ኮዲንግ ለከተማ ልጅ ብቻ ነው ሲሏችሁ እሺ አትበሉ። አባቶቻችሁ በእጅና በእግራቸው የሚሠሩት ነው።

አንዳንዶች «ኳስ ሳይነኩ ኳስ መማር ይቻላል ወይ?» ይሉኛል። እውነት ነው፣ ጣት ኪቦርድ የሚለምደው ኪቦርድ ሲነካ ነው። ኮምፒውተር አያስፈልግም አላልኩም፤ መጠየቃችንን እንቀጥል። ግን ሐሳቡ ቀድሞ የገባው ተማሪ ኮምፒውተሩ ሲመጣ አይደናገርም።

ስለዚህ መምህሮቻችን፣ በሳምንት ከአይሲቲ ክፍለ ጊዜ አንዷን ለእነዚህ ጨዋታዎች ስጡን። ተማሪዎችም አባታችሁ ወይም አጎታችሁ ሸማኔ ከሆነ አንድ ጥለት በካሬ ደብተር ላይ፣ የተነሳውን ክር በ1 የቀረውን በ0 እየጻፋችሁ አምጡ። በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።

ሰላም ሁኑ!