ሹማከር ነዳው፣ አፍሪካዊው ሠራው

ፎርሙላ ዋን ወደ አፍሪካ ይመለስ የሚለው ጩኸት በርትቷል። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ በዲሴምበር 2024 ውድድሩን ማስተናገድ እንደምትፈልግ በይፋ ተናግራለች። ደቡብ አፍሪካም ከ1993 ወዲህ ግራንድ ፕሪ ያላየውን የክያላሚ ትራክ ለማደስ ተነስታለች። ወሬው ሁሉ ስለ ትራክና ስለ ገንዘብ ነው። አፍሪካ በዚህ ስፖርት የነገሠችው ግን በንድፍ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ሮሪ ባይርን በ1944 ፕሪቶሪያ ተወለደ። ዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ የተማረው ምህንድስና እንዳይመስላችሁ፣ ኬሚስትሪ ነው! በትርፍ ሰዓቱ ሞዴል አውሮፕላን እየሠራ፣ ከጓደኞቹ ጋር መኪና እየፈታና እየገጠመ ነው ያደገው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ እንግሊዝ ገብቶ በአንድ ትንሽ ድርጅት ለጀማሪዎች የሚሆኑ የፎርሙላ ፎርድ መኪኖችን መንደፍ ጀመረ።

ከዚያ ቶልማን መጣ። በ1980 የአውሮፓ ፎርሙላ ቱ ዋንጫን በእሱ መኪና ወሰዱ። በ1981 ፎርሙላ ዋን ሲገቡ ግን ጉድ ፈላ፤ ሁለቱ ሾፌሮች ዓመቱን ሙሉ ማጣሪያ ያለፉት አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሰውየው ተስፋ አልቆረጠም። በ1984 ሞናኮ ላይ ወጣቱ አየርተን ሴና በዶፍ ዝናብ በባይርን መኪና ሁለተኛ ወጣ።

በ1994 እና 1995 ሚካኤል ሹማከር በቤኔቶን ሻምፒዮን የሆነው በባይርን ሥራ ነው። በ1996 መጨረሻ ጡረታ ብሎ ታይላንድ ሊኖር ሲል ፌራሪ ጠራው። ከ1999 እስከ 2004 ፌራሪ 6 ተከታታይ የአምራቾች ዋንጫ በላ። በ2004 ብቻ ከ18 ውድድር 15ቱን አሸነፈ። ደቡብ አፍሪካዊው ሾፌር ጆዲ ሼክተር በ1979 አንድ ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፤ የባይርን መኪኖች ግን 7 የሾፌሮችና 7 የአምራቾች ዋንጫ አላቸው። በአፓርታይድ ዘመን ነጭ ሆኖ ማደጉ ለብዙኃኑ የተዘጋውን በር እንደከፈተለት ግን መካድ አይቻልም።

ታዲያ ይሄ ባህር ዳርን ምን አገባው? በደንብ ያገባዋል። ጣና ዳር በ1963 በሶቭየቶች እርዳታ የተቋቋመው ፖሊ ቴክኒክ ዛሬ የባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኗል። ከግቢው ውጪ ደግሞ ባጃጅ ፈተው የሚገጥሙ እጀ ወርቅ መካኒኮች አሉ። ተማሪው ቀመሩን ያውቃል፣ መካኒኩ ብረቱን ያውቃል። የሚያገናኛቸው ውድድር ግን የለም።

በኳስ እናውቀዋለን፤ ታዳጊ ቡድን የሌለው ክለብ ስታዲየም ቢገነባ ተጫዋች አያፈራም። ባይርንን ያፈራው ርካሹ ፎርሙላ ፎርድ እንጂ ክያላሚ አይደለም። ኢትዮጵያ በ2024 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክላለች፤ በ2026ቱ የፎርሙላ ዋን ሕግም ከመኪናው ጉልበት ግማሽ ያህሉ ከኤሌክትሪክ ይመጣል። በባጃጅ ሞተርና ባትሪ የሚሮጥ የተማሪና የመካኒክ ውድድር ቢጀመር ምን ይጎዳል? ግራንድ ፕሪው ኪጋሊም ይሂድ ክያላሚ፣ እኛ መጀመሪያ እርሳስ የሚይዝ ልጅ እናውጣ።