ለመስከረም ጉዞ ቀላል ቡት ጫማ

መስከረም ሲጠባ ዝናቡ ቢያባራም የእንጦጦ ተዳፋት ጭቃ ቶሎ አይደርቅም። ከቤተሰብ ጋር ሽርሽር ሲታሰብ ብዙዎቻችን ለጥንካሬው ብለን ከባድ ከስክስ እንመርጣለን። ይሁን እንጂ በእግር የተንጠለጠለ ክብደት በጀርባ ከተሸከሙት ይልቅ ያደክማል። ስለዚህ ቀለል ያለ፣ ቁርጭምጭሚትን የሚደግፍ፣ ሶሉ ጥርስ ያለው ይምረጡ።

እግር ሲውል ስለሚያብጥ ከሰዓት በኋላ፣ ወፍራም ካልሲ አድርገው ይለኩ። ከጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ይትረፍ፤ ተረከዝ ግን አይንሸራተት። ለልጅ «ያድግበታል» ተብሎ የሚገዛ ሰፊ ጫማ እግሩን ውሃ ያስቋጥረዋል፤ የልጁም ደስታ መንገድ ላይ ይቀራል። አዲሱን ጫማ አስቀድመው በሰፈር እያደረጉ ያለማምዱት።

ሲረጥብ ቆዳው እንዳይሰነጠቅ ከእሳት ያርቁት። ይህን ጋዜጣ አንብበው ሲጨርሱ ውስጡ ጠቅጥቀው ጥላ ሥር ያድርቁት።